ባዶ ቤት ደጅ የቆሙ ሁለት ሳጥኖች

ያን ዕለት ጠዋት ሰው በተሰበሰበበት ራሴን ጠራሁ፤ ራሴው «አቤት» አልሁ፤ ከዚያም ዞር ብዬ «ተገናኝተናል» ስል አወጅሁ። ቂል ብዙ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ግን እኔም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥቋቁር ሳጥኖች ተቀምጠዋል፤ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር የሚያገናኙ፣ ራውተር የሚባሉት። አንደኛው የእኛ የእንጅባራው ነው። ሁለተኛው ከዳንግላ በሚኒባስ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። በመካከላቸው እኔ በእጄ የሠራሁት ገመድ ተዘርግቷል። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁና የዳንግላውን ሳጥን አድራሻ የጻፍሁ መስሎኝ የራሳችንን ጻፍሁ። ሳጥን ራሱን ሲጠሩት ምን ያድርግ? ፈጥኖ መለሰ። ደጋግሜ ጠራሁት፤ ደጋግሞ መለሰ። የኮሌጁ ዲን አጨበጨበ፤ ስልኩን አወጣና እኔን ከሳጥኖቹ ጋር ፎቶ አንሥቶ «ኮሌጃችን ዛሬም ታሪክ ሠራ» ከሚል ጽሑፍ ጋር እዚያው ቴሌግራም ላይ ለጠፈው።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ሙሉሰው ነው፤ ሳጥኑን ይዞ የመጣው የዳንግላ አስተማሪ። በእጁ የሳጥኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ይዟል። ገና ግድግዳው ላይ አልሰካውም።

«አቶ ስንሻው፣» አለኝ፣ «እኔ ሳጥኔን አላበራሁትም። እርስዎ ከማን ጋር ነው የተገናኙት?»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሳቅ ሲታፈን የሚሰማውን ድምፅ የሠላሳ ዓመት መምህር ጠንቅቆ ያውቀዋል። እናትነሽ የምትባለዋ ተማሪዬ ጎንበስ ብላ ማያውን አየችና «ጋሼ፣ የጠሩት የራስዎን ነው» አለችኝ።

«ይሁና፣» አለ አቶ ሙሉሰው። «ሰው ከራሱ ጋር መገናኘቱም ቀላል ነገር አይደለም። እንኳን ደስ አለዎት።»

ፎቶው ዛሬም ቴሌግራሙ ላይ አለ። ዲኑ የለጠፈውን አያነሣም፤ ማንሣት መሳሳትን ማመን ነው ይላል።

እንግዲህ እኔ በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ፤ ንቀቱን ከእኔ ብትጀምሩት ይሻላል፣ ለሌሎቹም ይተርፋል። የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ስቀመጥ ከሲሚንቶና ብሎኬት መሸጫ በላይ የተከፈተ አንድ የግል ኮሌጅ «ኔትወርክ ያስተምሩልን» አለኝ። ኔትወርክ አላውቅም ነበር። እነሱም የሚያውቅ አልፈለጉም፤ የሚፈልጉት ሽበት ያለውና ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። ኮት አለኝ። ማታ ማታ እያነበብሁ ጠዋት የማስተምር፣ ከተማሪዎቼ በአንድ ምዕራፍ ብቻ የምቀድም አስተማሪ ሆንሁ። አንዳንድ ቀን እነሱ ይቀድሙኛል፤ ያን ቀን «ዛሬ ክለሳ ነው» እላለሁ።

ተማሪዎቹ ሰርተፊኬት እንዲያገኙ መዛኝ መጥቶ በተግባር ሊያያቸው ይገባል። በምዘናው ላይ አንዲት መሥመር አለች፤ ሠልጣኙ በአይኤስዲኤን ከአንድ ራውተር ወደ ሌላው ደውሎ እንዲያሳይ ታዛለች። አይኤስዲኤን ማለት በተራ የስልክ ሽቦ ላይ ድምፅንም መረጃንም በዲጂታል የሚያሳልፍ የድሮ ዘዴ ነው። በእንጅባራ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም። በሕይወት ሳለ ወደ እኛ ወደ አዊ አልመጣም፤ ከሞተ በኋላ ግን ሬሳውን ተሸክማችሁ ተፈተኑ ተባልን። ጥሊሊ ገበያ ድንች የምትሸጠው ሴትዮ እንኳ በኪሷ የያዘችው ስልክ ከዚያ ሁሉ ሳጥን ይበልጣል። ይህን ለዲኑ ብነግረው «ሥርዓተ ትምህርቱ ያዛል» አለኝ፤ ስለ ዝናብ የሚናገር ይመስል።

የዘዴው ጠባይ ደግሞ ይህ ነው፤ ሁለት ደዋዮች በቀጥታ አይነጋገሩም። በመካከላቸው የቴሌፎን ማዕከል አለ። ጥሪውን የሚቀበል እሱ፣ የሚያገናኝ እሱ፣ ሁሉም የሚሄድበትን ምት የሚመታም እሱ ነው። እኛ ዘንድ ማዕከል የለም። ስለዚህ ለልምምድ አንድ ብልሃት አለ፦ ሁለቱን ሳጥኖች በአንድ ገመድ ፊት ለፊት ታገናኛቸዋለህ፤ ሽቦዎቹን ያንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ እንዲገጥም አድርገህ ታሻግራቸዋለህ፤ ከዚያ አንደኛውን ሳጥን «አንተ ማዕከል ነኝ በል» ብለህ ታዘዋለህ። እሱ እንደ ማዕከል ይሆናል፣ ሌላው እንደ ደዋይ። ሁለቱም ደዋይ ከሆኑ ግን ሳጥኑ ላይ ያለችው፣ መገናኘትን የምታሳየው መብራት አትበራም። ቢውሉ ቢያድሩ አትበራም።

ሳጥኑ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ አንድ ነበር። ስለዚህ ዳንግላዎች የእነሱን ይዘው ወደ እኛ መጡ፤ መዛኟም ሁለታችንንም በአንድ ቀን ልታይ ተስማማች። ስምንት ሰዓት ትመጣለች፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ መብራት በፈረቃ ይሄዳል። እሷም ከመብራቱ ጋር ትሄዳለች። ነጥብ የምትሰጠው ለሚደውለው ብቻ ነው። ማዕከል የሆነው ወገን ምንም አያገኝም፤ ሎሌ ነው። ሳጥኖቹን አጥፍቶ፣ ትእዛዛቸውን ቀይሮ መልሶ ማስነሣት ደግሞ ጊዜ ይበላል። ቀድሞ የደወለ ተረፈ፤ ሁለተኛ የሆነ ለመብራት ኃይል ይጸልይ።

የሁሉም ተማሪ ጉዳይ ጉዳይ ነው። የእናትነሽ ግን ቁርጥ ያለ ነበር። ከአዲስ ቅዳም ናት፤ ከሰል እየነገደች ነው የተማረችው። ጫግኒ አንድ የእህል መጋዘን ኮምፒውተሮቹን እንድትንከባከብ ሊቀጥራት ወስኗል፤ ሰርተፊኬቱን እስከ ዓርብ ካመጣች ትገባለች፣ ካላመጣች የባለቤቱ የወንድም ልጅ ይገባል። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ሳጥኑ ከበራና ሳቁ ካለፈ በኋላ ከአቶ ሙሉሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ይህን ሰው በስም አውቀዋለሁ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እሱ የጠገነው ሬዲዮ አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል ይባላል፣ እሱም ሰው የማይሰማውን ጣቢያ። እሱም ስለ እኔ የሚባለውን ሰምቷል።

«እንግዲህ የእርስዎ ሳጥን ማዕከል ይሁንልን፣» አልሁት። «ቤቱ የእኛ ነው፤ መጀመሪያ መደወል ለእኛ ይገባል።»

«እንግዳ አይቀድምም በእናንተ አገር?»

«እንግዳ በምግብ ነው የሚቀድም፣ አቶ ሙሉሰው።»

«ምግብም አላየሁ እስካሁን።»

«ልጆቼን ዓመት ሙሉ አስተምሬያቸዋለሁ።»

«ማንን እንዲጠሩ? ራሳቸውን?»

እርስ በርሳችን እርስዎ እየተባባልን እንደዚያ የተሰዳደብንበትን ጊዜ አላስታውስም፤ በአንተ ብንሰዳደብ ቶሎ ባለቀ ነበር። እሱም ሳጥኑን ደዋይ አደረገ፣ እኔም ሳጥኔን ደዋይ አደረግሁ። ሁለት የተናቁ ሽማግሌዎች እጃቸውን አጣምረው፣ ሌላው እስኪሸነፍ የጠፋ መብራት ሲያዩ አረፈዱ። ዲኑ እየመጣ «በራ ወይ?» ይላል። «ሊበራ ነው» እንላለን ሁለታችንም፤ በዚያ ብቻ ተስማማን።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ መጣ። ዲኑ ለእንግዶች ምሳ እንዳዘጋጀ ጠዋት በንግግሩ ተናግሮ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ስልኩ አይነሣም። የዳንግላ ተማሪዎች ዳቦ ገዝተው ተካፈሉ። አቶ ሙሉሰው ግን መስኮቱ ሥር ብቻውን ቆሟል። መቼም በእኛ አገር ጠላትህም ቢሆን ከሌላ ከተማ ከመጣ ቆሞ እያየኸው ቤትህ ገብተህ አትበላም። ይህን ልማድ ያወጣውን ሰው በልቤ ረግሜ «ቤቴ ቅርብ ነው» አልሁት።

«ዝናቡ ቢያባራ» አለ።

«እንጅባራ ነው ያሉት። አያባራም።»

በአንዲት ጃንጥላ ሄድን። ጃንጥላዋን እኔ ስለያዝሁ ግማሽ ትከሻውን ዝናብ እንዲመታው አደረግሁ። ሙሉውን ላደርገው አስቤ ነበር፤ ነፋሱ አላመቸኝም።

ደጄ ደረስን። በሩን ከፈትሁና ደፉ ላይ ቆሜ «ቤቶች» አልሁ።

ይህ እንግዲህ የእኔ ልማድ ነው። ባለቤቴ አበሩ በሕይወት ሳለች የራሴን ቤት እንደ እንግዳ «ቤቶች» ብዬ ነበር የምገባው፤ ላስቃት። እሷም ከጓዳ ሆና «ግባ እንጂ፣ ደጅ ላይ ምን ይገትርሃል» ትለኛለች። ካረፈች በኋላ መልሱ ቀረ፤ ጥሪው ግን አልቀረም። በየቀኑ ብቻዬን ስሆን እላታለሁ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ። ያን ቀን ሰው አብሮኝ መኖሩን ረሳሁት። «ቤቶች» አልሁና እንደ ልማዴ ቆሜ ጠበቅሁ።

አቶ ሙሉሰው ከኋላዬ ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ቤቱንም—» ብሎ ጀመረ፤ ጠዋት ራሴን የጠራሁትን ሊያነሣብኝ ነው። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። አንድ ወንበር። ምስማር ላይ የተሰቀለ የሴት ጋቢ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ። ንግግሩን አልጨረሰውም።

በጎኔ አለፈና ጫማውን ሳያራግፍ ገባ። ቤቱ መካከል ሲደርስ ዞሮ እኔን፣ ዝናብ ላይ የቆምሁትን ባለቤት፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ግባ እንጂ፣» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። «ደጅ ላይ ምን ይገትርሃል።»

ቃሉን ከየት አመጣው? ከየትም አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። እኔ ግን ከነጃንጥላዬ ደፉ ላይ ቀረሁ። ዓይኔን ዝናቡ ነው ያረጠበው፤ እንደዚያ ነው የምላችሁ፣ እናንተም እንደዚያ ያዙልኝ።

ገባሁ። እሱም የገዛ ቤቱ ይመስል ጓዳ ገብቶ ምሳ ፍለጋ ያዘ። «ይኼ ድስት ታጥቦ ያውቃል?» ይለኛል ከውስጥ። የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ አገኘ። አቅርቦ «ብላ፣ አትፈር» አለኝ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ በላሁ። እንደዚያ የጣመኝ ድንች የለም፤ ጨው እንኳ አልነበረውም።

«የእኔም ቤት እንዲሁ ናት፣» አለ በመካከሉ፣ ድንች እየላጠ። «እኔ ግን ቤቶች አልልም። ካልጠየቅህ መልስ አይቀርብህም።»

«ፈሪ ነህ» አልሁት።

«ቂል ነህ» አለኝ። እርስዎ የምትባለው ነገር እዚያ ድንች ላይ አለቀች።

ትንሽ ከበላን በኋላ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ቀና አልን። ማን ቀድሞ እንደተናገረው ዛሬም እንከራከራለን። ሳጥኖቹ። ጠዋቱን ሙሉ ባዶ ቤት ደጅ አቁመን «ቤቶች» ስናሰኛቸው ኖሯል። በውስጥ «ግቡ» የሚል የለም። አንዱ ዝናቡን ጥሶ ካልገባ ሌላው ምን ጊዜም አይገባም። ይህን መጽሐፉ ነግሮናል፣ ገብቶናልም፤ የገባን ግን እንደ ሕግ እንጂ እንደ ነገር አልነበረም።

«እኔ ገብቼልሃለሁ፣» አለ አፉን እየጠረገ። «ተራው ያንተ ነው።»

ስምንት ሰዓት መዛኟ መጣች፤ ጉንፋን የያዛት፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተሸፋፈነች ሴት ናት፤ ለአይኤስዲኤን ያላት ፍቅር ከእኔ አይበልጥም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁና ሳጥናችንን ማዕከል አደረግሁት። አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ። የዳንግላ ተማሪዎች እልል አሉ።

እናትነሽ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «ጋሼ፣ ሸጡኝ?» አለችኝ በቀስታ።

«አይዞሽ።»

«አይዞሽ የሚባለው ነገር ካለቀ በኋላ ነው።»

የዳንግላ ልጆች አንድ በአንድ እየተቀመጡ ደወሉ። መዛኟ እያሳለች ታያለች፣ ትጽፋለች። አንዱ ልጅ ቁጥር ይሳሳታል፤ ሌላው ከመደወሉ በፊት ያማትባል። ሰዓቱ ይሄዳል። የመጨረሻው ሲያልፍ ዘጠኝ ተኩል አልፎ ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ዲኑ ምሳውን በልቶ ተመልሶ «መብራት ቢሄድ ጀነሬተር አለን» አለ። ጀነሬተሩ የብሎኬት ሻጩ ነው፤ ነዳጅም የለውም።

አሁን ሁሉም ነገር በአቶ ሙሉሰው እጅ ነው። ልጆቹ አልፈዋል። ሳጥኑን ነቅሎ በጆንያው ጠቅልሎ ቢሄድ የሚይዘው ሕግ የለም፤ እንዲያውም የመጨረሻውን ሚኒባስ ሊያጣው ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ሰውየው ሶኬቱን አየ። ጆንያውን አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በአንድ ጣቱ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ መጻፍ ጀመረ፤ ሳጥኑን ማዕከል ሊያደርገው።

ጨረሰ። መብራቱ አልበራም።

ደግመን ገመዱን ነካካን። አልበራም። መዛኟ ሰዓቷን አየች። እናትነሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስድብ በተሻለኝ።

«ስንሻው፣» አለ ሙሉሰው ማያውን ትቶ እኔን እያየ። «አንተ ወጥተሃል?»

«ከየት?»

«ከቤት ነዋ። እኔ ገብቻለሁ። አንተም ገና ውስጥ ነህ። ሁለት ባለቤት እርስ በርሱ ግባ ግባ ሲባባል ደጅ ማን አለ? ውጣ።»

ለካስ ጭንቀት ይዞኝ የራሴን ሳጥን ወደ ደዋይነት መመለሱን ረስቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው። ኮት የለበስሁ ሰው። «ማዕከል ነኝ» የምትለዋን ትእዛዝ ሁለቴ ተሳስቼ አጠፋኋት። መብራቱ ጥቂት ቆይቶ፣ እንደተኮነነ ሰው ሳይወድ፣ በራ።

«እናትነሽ መጀመሪያ» አልሁ። ማንም አልተከራከረም።

ተቀመጠች። ደወለች። ከዳንግላው ሳጥን መልስ መጣ። ከራሷ አለመሆኑን መዛኟ አድራሻውን በጣቷ እየተከተለች አረጋገጠች፤ የጠዋቱን ፎቶ አይታው ኖሯል። ጻፈችላት። ሌሎቹም እየተሯሯጡ አለፉ። መዛኟ እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ስትከት መብራት ሄደ። ዲኑ በጨለማው ውስጥ ብቻውን አጨበጨበ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡት፣ «ከዚህ ምን ተማርህ?» ሳትሉኝ አትቀሩም። ስለ ሳጥኖቹ ምንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም በአይኤስዲኤን ደውሎ አያውቅም፤ እናትነሽ ጫግኒ ገብታ የምትውለው ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር አፍ ስትፈለቅቅ ነው። መሥመሪቱም ምዘናው ላይ አለች። ያወጣት ሰው ካለ፣ ይህን ካነበበም፣ እግዜር በባዶ ቤት ደጅ ያቁመው እንጂ ሌላ ክፉ አልመኝለትም።

ስለ ራሴ ግን አንድ ነገር አወቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ደዋይ ነበርሁ። እኔ እናገራለሁ፣ ሰው ይሰማል፤ እኔ እጠራለሁ፣ ሰው አቤት ይላል። አበሩ ያን ሁሉ ዓመት ማዕከል ሆና መኖሯን፣ ነጥብ የማይሰጥበትን ወገን ይዛ መኖሯን፣ ሞታ እንኳ አላወቅሁላትም፤ ያወቅሁት አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ በጭቃ ጫማው ቤቴ ገብቶ ሲቆጣኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሲያንኳኳ ቀድሜ «ግቡ» እላለሁ። ተማሪ ሲጠይቀኝ ጥያቄው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ብዙ አይደለም። ከእኔ ብዙ አትጠብቁ።

ያን ቀን መናኸሪያ ስሸኘው ሙሉሰው ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ጆንያውን ታቅፎ «ዕዳ አለብህ» አለኝ።

«ድንቹ የእኔ ነው» አልሁት።

«ድንቹን ማን ጠየቀህ። አንድ ቀን ዳንግላ ትመጣለህ። ቁልፉ ከጎረቤት ነው፤ ቀድመህ ትገባለህ። እኔ ከውጭ መጥቼ ቤቶች እላለሁ። አንተ ግባ ትለኛለህ። ይኸው ነው።»

«እሺ» አልሁት። ቀላል መስሎኝ።

ሰውየው ግን ከቤቱ አይወጣም። እመጣለሁ ብዬ ስደውልለት ወንበሩን አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «እስቲ ገበያ ድረስ ውጣልኝ» ስለው «ምን ልግዛ?» ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሳልነግረው ሄድሁ፤ ጎረቤቲቱን ቁልፍ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ምን ላድርግ፣ ደጁ ላይ ቆምሁና «ቤቶች» አልሁ።

ከጓዳ ሆኖ «ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል» አለኝ።

ዕዳው ሁለት ሆነ።